እንፋሎቱን ጭስ ነው ብለን



እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች የሌላውን ስሕተት መናገር ይቀለናል። ዛሬ ግን የራሳችንን እንነግራችኋለን፤ ከእኛ ተምራችሁ ቤታችሁን እንድትጠብቁ ብለን ነው።

በጃንዋሪ 2022 ጽፋት የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸውን አስደውለው «ማዝጋኑ ተበላሸ፤ ሲያሞቅ ቆይቶ ቀጥ አለ፤ በረንዳ ላይ ያለው ሳጥንም ይጨሳል» አሉን። እኛም ሄደን ሳናይ፣ የሚያውቅ ሰው ሳንጠይቅ፣ «በሉ አጥፉት፤ ጠጋኝ እስኪመጣ አትንኩት» አልን። ጥሩ ምክር የሰጠን መስሎን ስልኩን ዘጋን።

በማግሥቱ ማታ ልንጠይቃቸው ሄድን። ቤቱ ሞቋል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ በክፍሉ መካከል በቡና ማንደጃው ላይ የከሰል ፍም ቀልቷል፤ ልጆቹ ዙሪያውን ተኝተዋል። እናቲቱ «ራሴን አመመኝ፤ ብርዱ ነው መሰለኝ» አሉን። ብርዱ አልነበረም። በሩንና መስኮቱን ከፍተን ሁሉንም ወደ ውጭ አወጣን፤ 101 ደውለን አምቡላንስ ጠራን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ዳኑ።

በአገራችን ጎጆ እሳት መካከል ላይ ይነድ ነበር፤ የሣር ክዳኑ ግን ጭሱን ያሳልፋል። የዚህ አገር ቤት እንደ ታሸገ ዕቃ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። ጭሱ አልቋል ብላችሁ ፍም ወደ ቤት አታስገቡ።

ጠጋኙ ሲመጣ «ማዝጋኑ ምንም አልሆነም» አለን። ማዝጋን በክረምት የሚያሞቀው እሳት አንድዶ አይደለም፤ በውጭው አየር ውስጥ ያለችውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ብርድ ሲጠና በውጭው ሳጥን ላይ ውርጭ ይጋገራል። ያን ጊዜ መሣሪያው ለጥቂት ደቂቃ ማሞቁን አቁሞ ውርጩን ያቀልጣል፤ ውሃ ይንጠባጠባል፣ እንፋሎት ይወጣል። ጭስ ያልነው እንፋሎት ነበር። ትንሽ ብንታገሥ ኖሮ ራሱ ይጀምር ነበር።

ስለዚህ ማዝጋኑ አላሞቅ ቢላችሁ አስቀድማችሁ ይህን እዩ። ሻላቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ይኑር፤ የበረዶ ምልክት ከሆነ የሚያቀዘቅዝ ነው። ቁጥሩ ከክፍሉ ሙቀት በላይ ይሁን፤ ከ22 እስከ 24 ይበቃል፤ 30 ላይ ማድረግ የመብራት ሒሳብ ይጨምራል እንጂ ቶሎ አያሞቅም። ማጣሪያው አቧራ ከያዘ፣ መሣሪያውን አጥፍታችሁ ማጣሪያውን በውሃ እጠቡና አድርቃችሁ መልሱት። በውጭው ሳጥን ፊት ዕቃ አትከምሩ። የመቃጠል ሽታ ካለ፣ ወይም መብራቱ ደጋግሞ ከጠፋ ግን እውነተኛ ብልሽት ነውና አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ሙቅ ውሃም እንዲሁ ነው። ጣራ ላይ ያለው ዱድ ሼሜሽ የሚሞቀው በፀሐይ ነውና በደመና ቀን ውሃው ቢቀዘቅዝ ተበላሸ ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ ማብሪያውን አብርታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ከዚያም አጥፉት። ማብሪያው በርቶ ውሃው ካልሞቀ ግን ክዳኑን አትክፈቱ፤ ውስጡ ኤሌክትሪክ አለና ለባለሙያ ተዉት።

እኛም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምደናል። ማንንም «አጥፉት» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ማታ በምን ትሞቃላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ያን ማታ ይህችን ጥያቄ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ከሰሉ ባልነደደ፣ ብርድ ልብስም ይዘን በሄድን ነበር። እናንተም ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ደውሉልን፣ እኛም መጥተን እናያለን።

መልካም ክረምት ያድርግልን።