በዛብህን ማን ጠየቀው?

በወለንጪቲ ከማታው ትምህርት በኋላ አንድ ልብ ወለድ እናነብ ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ወፍራም ነው፤ ስናየው ሁላችንም ፈርተን ነበር። እኛ አስተማሪዎቹ ጥቂት እናነባለን፣ አዲስ ፊደል የቆጠሩትም መስመር መስመር ይቀበሉናል።

ታሪኩ ጎጃም፣ ማንኩሳ ይጀምራል። በዛብህ የሚባል ልጅ አለ። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ተሳሉ። ሚስት አያገባም፣ ጎጆ አይወጣም ማለት ነው። ክፉዎች አይደሉም፤ ይወዱታል። ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ግን ስለቱ ይከብደዋል። ቢያፈርሰው ይፈራል፤ ቢጠብቀው ልቡ እምቢ ይላል። በኋላ ሰብለ ወንጌል የምትባል ልጅ ሲያስተምር ይወዳታል፤ ጭንቁም ይብሳል።

እዚህ ላይ ንባቡ ቆመ። አንድ አባት፣ «ስለት ስለት ነው፤ ልጁ ምን አገባው!» አሉ። እኛ ዝም አልን፤ በሽማግሌ ፊት ምን እንላለን? ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን፣ «ጋሼ፣ እኔንስ በ12 ዓመቴ ሲድሩኝ ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባትየው ጥቂት ቆዩና፣ «እስቲ የልጁን ነገር ቀጥሉ» አሉን። መጽሐፉን ለእናትየዋ ሰጠናቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው፣ «በ... ዛ... ብህ» ብለው ጀመሩ።