ስም ከነአያት

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ስምን በቀላሉ አያምንም። ሁለት ሞክሼዎች ባሉበት መሥሪያ ቤት የአንዱ የዓመት ፈቃድ ከሌላው ላይ ሲቀነስ፣ የአንዱ ማስጠንቀቂያ ከሌላው ፋይል ሲገባ አይቻለሁ። ስለዚህ ስም ከነአያት ያልተጻፈበትን ማመልከቻ እመልስ ነበር። ባለጉዳዮች ያማርሩኛል፤ እኔ ግን በዚህ ጥንቃቄዬ እኮራ ነበር። 6 ዓመት እንዲህ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ በመጨረሻ የተቀላቀለው ፋይል እኔው ራሴ ሆንኩ።

ሞክሼዬ የከርሰ ምድር ውሃ መሐንዲስ ነው። ስማችን ከነአባታችን አንድ ነው፤ የምንለያየው በአያት ብቻ ነው። እሱ ፎቅ ላይ፣ እኔ ምድር ቤት። ደረጃ ላይ ስንገናኝ “ሞክሼ!” “ሞክሼ!” ተባብለን እንተላለፋለን።

አንድ ቀን አዳማ ላይ ስለ ገጠር መጠጥ ውሃ የሁለት ቀን አውደ ጥናት ተዘጋጀና የታተሙትን ሰነዶች አድርሼ እንድመለስ ተላክሁ። ሹፌሩ ካርቶኖቹን ሲያወርድ ወደ ምዝገባው ጠረጴዛ ሄድኩ።

“ስምዎን ማን ልበል?” አለችኝ ልጅቷ። ነገርኳት። ዝርዝሩን አየችና ብድግ አለች።

“ኢንጂነር! እርስዎን እኮ ነው የምንጠብቀው!” ባጁን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

“አይደለሁም” ለማለት ጊዜ አላጣሁም። ከጠረጴዛው እስከ አዳራሹ ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። ግን በ6 ዓመት ውስጥ ለእኔ ከወንበሩ የተነሳ ሰው አልነበረም። ቡናዬን ልጠጣና እነግራቸዋለሁ አልኩ። ቡናው ሳያልቅ መድረክ ላይ ነበርኩ፤ ፊት ለፊቴ የታሸገ ውሃ፣ ማይክሮፎን፣ ከመቶ የማያንስ ሰው።

ያዳኑኝ ፋይሎቼ ናቸው። ስመዘግባቸው የኖርኩት ደብዳቤዎች ተራ በተራ አፌ ላይ መጡ። “ጉዳዩ ዘርፈ ብዙ ነው” አልኩ። “የባለድርሻ አካላትን ቅንጅት ይጠይቃል።” ሰው ራሱን ነቀነቀ። “ሁላችንም ልንረባረብ ይገባል” ስል ተጨበጨበልኝ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬም እየሳቅኩ የማወራው ታሪክ ይሆን ነበር።

ከወንጂ አካባቢ የመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። “ኢንጂነር፣ የጉድጓዱ ውሃ የልጆቻችንን ጥርስ አበለዘብን። ምን እናድርግ?”

ይህን የሚመልስ ደብዳቤ መዝገብ ቤቴ ውስጥ አልነበረም። ዝም ማለት ግን ከመድረኩ የሚያስወርደኝ መሰለኝ። “አፍልታችሁ አጠጧቸው” አልኩ። እናቴ ከውሃ ጋር በተያያዘ ለሁሉም ነገር የምትለው ይህንኑ ነው። ሴትዮዋ አመስግነው ተቀመጡ።

ማታ፣ በሞክሼዬ ስም በተያዘልኝ አልጋ ላይ ተጋድሜ ለራሱ ለሞክሼዬ ደወልኩ። እሱ ስብሰባ ይዞት አዲስ አበባ ቀርቷል፤ ጠዋት ይደርሳል። ባጁን ስነግረው ሳቀ። “ባለድርሻ አካላት” ስለው እስኪያስለው ሳቀ። “አፍልታችሁ” ስለው ግን ሳቁ ቆመ።

“ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ እኮ ጀርም አይደለም፤ እሳት አይገድለውም” አለኝ። “ከስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት እየሟሟ ነው ውሃው ውስጥ የሚገባው። ውሃው በእንፋሎት ሲሄድ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ባፈላኸው ቁጥር ይብስበታል።” የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ላይ ይጀምራል፣ ዓመታት ሲቆይ አጥንት ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ሌላ ምንጭ መፈለግ ወይም እንደ ከብት አጥንት ከሰል ባለ ማጣሪያ ማሳለፍ ነው። “እኔን አትጠብቅ” አለኝ፤ “ሴትዮዋን ፈልጋት።”

እንቅልፍ አልወሰደኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ውስጥ በቢቢሲ የቀጥታ ሥርጭት የቀረበው ጋይ ጎማ ትዝ አለኝ። የመጣው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነበር፤ ጋይ ኬውኒ ከሚባል የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ ጋር አምታተውት ስቱዲዮ አስገቡትና ስለ አፕል የፍርድ ቤት ክርክር ጠየቁት። ዓለም አብሮት ሳቀ፤ ያሳቀን ድንጋጤው ፊቱ ላይ ስለሚታይ ነው። እኔ ግን አልተደናገርኩም። ሰው ሌላ ሰው አድርጎ ቢያየኝ ስህተቱ የሱ ነው፤ ቡናውን ጠጥቼ ዝም ስል ግን የእኔ ሆነ።

ጠዋት ሴትዮዋን በረንዳው ላይ ሻይ ሲጠጡ አገኘኋቸው። ባጁን ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

“እማማ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ትናንት የነገርኩዎት ስህተት ነው፤ ማፍላቱ ያባብሰዋል።”

አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። “ማታውኑ ለምራቴ ደውዬ ነገርኳት” አሉ። “ዛሬ ጠዋት ጥዳዋለች።”

ስልካቸውን አወጡ፣ ደወሉ፣ ለእኔ ሰጡኝ። “አንተው ንገራት፣ ልጄ። መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንክ ተናገር።”

ስሜን ተናገርኩ፤ ከነአያቴ።