ድራይቨር ገዢውን ይከተላል፦ ስለ ዋይፋይ ካርድና ስለ መደራደር አቅም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በዚህም የተነሳ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር የሚጠየቀውን የሃርድዌር መስፈርት የማያሟሉ፣ ስክሪናቸውና የቁልፍ ሰሌዳቸው ግን ጤናማ የሆነ ላፕቶፖች ከየመሥሪያ ቤቱ እየወጡ ነው። በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለምናቋቁማቸው ማኅበራት ይህ መልካም አጋጣሚ ይመስላል፤ አሮጌውን ላፕቶፕ መቀበል፣ ሊኑክስ መጫን፣ ለአገር ቤት ትምህርት ቤት መላክ።

ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ሊኑክስ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ሳይከብድ የሚሠራ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ይሁንና በዚህ በጎ ሐሳብና በተማሪው ጠረጴዛ መካከል ከክብሪት ሳጥን የምታንስ አንዲት ዕቃ ትቆማለች፤ የዋይፋይ ካርድ። ስለ እርሷ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ለባለሙያ እንደሚተው የቴክኒክ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ችግሩ ከኮምፒውተር ሳይንስ ይልቅ ወደ ራሴ ሙያ፣ ወደ ኢኮኖሚክስ ይቀርባል ባይ ነኝ። ድራይቨር የሚጻፈው የመደራደር አቅም ላለው ገዢ ነው፤ ሁለተኛ እጅ ዕቃ የሚቀበለው ሰው ደግሞ ድርድሩ ሲካሄድ በቦታው የለም።

ሃያ አራት መንትዮች

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለማኅበራችን ሃያ አራት ላፕቶፖች ሰጠ። መድረሻቸው እናቴ ለረጅም ዘመን ያስተማረችበት፣ አርባ ምንጭ አቅራቢያ የሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ከመላካቸው በፊት እያንዳንዳቸውን የመፈተሹ ሥራ ለእኔና የሶፍትዌር ባለሙያ ለሆነው ለአክስቴ ልጅ ደረሰን። ሁሉም የአንድ አምራች፣ የአንድ ዓመት፣ የአንድ ሞዴል ምርቶች ነበሩ። በሁሉም ላይ ያንኑ ኡቡንቱ ከአንድ ፍላሽ ጫንን። አሥራ አምስቱ ወዲያውኑ የቤቱን ዋይፋይ አገኙ። ዘጠኙ የዋይፋይ ካርድ የለም አሉ።

ጀርባቸውን ስንከፍት ምክንያቱ ታየ። በውስጣቸው ያሉት ካርዶች የሁለት ልዩ ልዩ ቺፕ አምራቾች ሥራ ናቸው። የላፕቶፕ ኩባንያዎች እንደ ዋጋውና እንደ አቅርቦቱ ካርድ ከተለያዩ አቅራቢዎች ይገዛሉ፤ ውስጡ ሲቀየር የውጩ ስም አይቀየርም። በዩኤስቢ የሚሰኩት የዋይፋይ መቀበያዎችም ከዚህ ይብሳሉ፤ በአንድ ሳጥንና በአንድ ስም የሚሸጥ ዕቃ «ሁለተኛ እትም» ተብሎ ፈጽሞ ሌላ ቺፕ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው የማያውቅበት ገበያ ምን እንደሚመስል ለተማሪዎቼ ማስረዳት ስፈልግ ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላገኝም።

የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር መምህር ደውዬ በኬብል መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ዶክተር፣ እኛ ጋ የተዘረጋ ገመድ የለም» አሉኝ። «ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከአንዲት የዋይፋይ ሳጥን ነው። ዋይፋይ ካልያዘ ለእኛ የጽሕፈት መኪና ነው።»

ዘጠኙ ማሽኖች የሚያስፈልጋቸው ድራይቨር ኢንተርኔት ላይ አለ። ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ውጭ አገር የሚኖር ሰው ይህን አዙሪት በአንድ ኬብል ወይም ስልኩን በዩኤስቢ በማገናኘት በአሥር ደቂቃ ይሰብረዋል። ስለዚህም ችግሩ «ቀላል» ይባላል። ቀላልነቱ ግን የሚለካው በተጠቃሚው ዙሪያ ባለው አማራጭ ብዛት ነው፤ አንድ የኢንተርኔት በር ብቻ ላለው ትምህርት ቤት ያው ችግር የተቆለፈ በር ነው።

ዝምታው ከየት ይመጣል

የዋይፋይ ካርድ በውስጧ የራሷ አነስተኛ ፕሮሰሰር አላት። ስለዚህ እንድትናገር ሁለት ሶፍትዌሮች ያስፈልጓታል፤ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ሆኖ ትእዛዝ የሚሰጣት ድራይቨር፣ እና በእርሷው ውስጥ የሚሠራው ፈርምዌር። ድራይቨር ለመጻፍ ቺፑ የትኛውን ትእዛዝ እንዴት እንደሚቀበል ማወቅ ግድ ነው። ፈርምዌሩን ለማደል ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለቱም በአምራቹ እጅ ናቸው።

ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቺፖች ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ኩባንያው ለሊኑክስ ሰነድ ባልሰጠባቸው ዓመታት በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር እየፈታ የቺፑን ጠባይ በጽሑፍ መዘገበ፤ ሁለተኛው ቡድን የተዘጋውን ኮድ ሳያይ ከዚያ ጽሑፍ ብቻ ተነስቶ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በሊኑክስ ከርነል 2.6.17 ውስጥ ገባ። ያም ሆኖ ፈርምዌሩን የማደል መብት ስላልነበረ ተጠቃሚው ራሱ ከዊንዶውስ ድራይቨር ውስጥ ቆርጦ ማውጣት ነበረበት። ይህ ሁሉ የሰው ጉልበት የፈሰሰው አምራቹ ቀድሞውኑ የሚያውቀውን ነገር እንደገና ለማወቅ ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ንጹሕ ብክነት ነው።

እያንዳንዱ ወገን የራሱ ስሌት አለው

ፈረንሳዊው ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 ባሳተመው መጽሐፍ መዳብና ዚንክ ተዋሕደው ናስ ስለሚሆኑበት ገበያ ጽፏል። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የሌላቸው ሁለት ግብዓቶች በተለያዩ ባለቤቶች እጅ ሲወድቁ፣ እያንዳንዱ ለራሱ ብቻ ሲያሰላ ሁሉም ይጎዳል። ካርዱና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም እንደዚያው ናቸው።

ቺፕ አምራቹ ለሊኑክስ ድራይቨር ለማዘጋጀት መሐንዲስና የሕግ ባለሙያ መመደብ አለበት። ወጪው አንድ ሺህ ተጠቃሚ ቢኖርም አንድ ሚሊዮን ቢኖርም ያው ነው፤ ጥቅሙ ግን በገዢው ቁጥር ይለካል። በጠረጴዛ ኮምፒውተርና በላፕቶፕ ገበያ የሊኑክስ ድርሻ ትንሽ በመሆኑ ስሌቱ ብዙ ጊዜ ወደ ዝምታ ያደላል።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በኩባንያዎች ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። የሊኑክስ ከርነል አዘጋጆች ለውጭ ድራይቨሮች የማይለወጥ መገናኛ ላለማቅረብ ሆን ብለው ወስነዋል። ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ካለ ለውጥ ሲመጣ አብሮ ይታደሳል፤ በውጭ ያለ የተዘጋ ድራይቨር ግን ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ውሳኔው ለከርነሉ ጥራት የሚበጅ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ትናንት ይሠራ የነበረው ዋይፋይ ዛሬ ጠዋት ከተሻሻለ በኋላ የጠፋበት ተጠቃሚ ነው። ስለዚህም ዘጠኙን ማሽኖች ቤቴ ውስጥ በኬብል አስነስቶ መላክ መፍትሔ አይሆንም ነበር።

ካርዱን መቀየር መረጥን። የመጀመሪያውን አዲስ ካርድ ስንሰካ ላፕቶፑ ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ መኖሩን አስታውቆ አልነሣም አለ። አንዳንድ አምራቾች በባዮስ ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶችን ዝርዝር ያስቀምጣሉ፤ ምክንያታቸውም ሬዲዮውና አንቴናው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፊት አብረው መመስከራቸው ነው። በመጨረሻ ከአሥራ አምስቱ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ያገለገሉ ካርዶችን አፈላልገን ገዛን፤ የአንዱ ዋጋ ከሃያ ዶላር በታች ነበር። የሁለት ሰው ሦስት ቅዳሜ ግን ከዚያ በላይ ያወጣል፤ በማኅበራችን የሒሳብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም እንጂ።

የቁጥጥርን ምክንያት አልንቅም፤ የሬዲዮ ሞገድ የጋራ ሀብት ነው። ግን ቁጥጥር ሁሉን ከመቆለፍ ጋር አንድ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ራውተሮች ያወጣው መመሪያ ሌላ ሶፍትዌር መጫንን ጨርሶ የሚከለክል መስሎ ተቃውሞ ሲያስነሳ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር አስተካክሎታል። በ2016 ደግሞ ከቲፒ ሊንክ ጋር ባደረገው ስምምነት ኩባንያውን 200,000 ዶላር ከማስከፈሉም በላይ፣ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በራውተሮቹ ላይ እንዲጫን መንገድ እንዲፈልግ አስገድዶታል።

ገዢ ሲናገር

ሁኔታው ከ2006 ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል። አቴሮስ በ2008፣ ብሮድኮም ደግሞ በ2010 ለአዳዲስ ቺፖቻቸው ክፍት ድራይቨር አወጡ። የኢንቴል ካርዶች ዛሬ ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም ድካም ይሠራሉ። የዴቢያን አባላት በ2022 ድምፅ ሰጥተው፣ ክፍት ያልሆነ ፈርምዌር ከዋናው መጫኛ ጋር አብሮ እንዲመጣ ወሰኑ፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ይህን ተግባራዊ አደረገ። ለመርህ ትልቅ ቦታ የሚሰጥ ማኅበረሰብ ከላይ የጠቀስኩትን አዙሪት ለመስበር ሲል ያደረገው መግባባት ስለሆነ አከብረዋለሁ።

ይህን ሁሉ የበጎ ፈቃደኞች ጥረት ብቻ አመጣው ብዬ አላምንም። ሊኑክስ በዳታ ማዕከላት፣ በአንድሮይድ ስልኮችና በክሮምቡክ ላፕቶፖች ውስጥ ሲገባ፣ ድራይቨር የሚጠይቀው ግለሰብ ሳይሆን በሚሊዮን የሚቆጠር ቺፕ የሚያዝ ኩባንያ ሆነ። መንግሥታዊ ገዢም እንዲሁ ክብደት አለው። በሕንድ የኬረላ ግዛት ትምህርት ቤቶች በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ የራሳቸውን ሥርዓት ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ይጠቀማሉ። ይህን ያህል ለሚገዛ ደንበኛ «ሊኑክስን አንደግፍም» ማለት ገበያን መግፋት ነው።

ምን እንጠይቅ

ከዚህ ለማኅበሮቻችን ሦስት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ስጦታ ስንቀበል የላፕቶፑን ሞዴል ብቻ ሳይሆን የካርዱን ቺፕ ስም በየማሽኑ መጠየቅ ነው፤ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያለው የዕቃ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያሳያል። ሁለተኛ፣ «ሊኑክስ ላይ ይሠራል» የሚለውን ቃል በትክክለኛ መስፈርት መተካት ነው፦ ድራይቨሩ በዋናው ከርነል ውስጥ ያለ፣ ፈርምዌሩም ከስርጭቱ ጋር የሚታደል ይሁን። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ዛሬ የሚሠራውን ዕቃ ከሁለት ዓመት በኋላም ከሚሠራው ትለያለች። ሦስተኛ፣ በየፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ለካርድ ቅያሪና ለፍተሻ የሚሆን ገንዘብ በግልጽ መያዝ ነው። የባለሙያ ቅዳሜ ዜሮ ብር እንደሆነ አድርጎ መመዝገብ ልገሳውን ከእውነቱ አርክሶ ያሳያል።

ከእነዚህ የሚሰፋው ጉዳይ የግዢ ፖሊሲ ነው። ከእናንተ ከአንባብያን መካከል በልማት ድርጅቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በመንግሥት አማካሪነት የምትሠሩ አላችሁ። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ጨረታ ሰነድ በእጃችሁ ሲያልፍ፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነትና የሜሞሪው መጠን በዝርዝር ተጽፎ ስለ ገመድ አልባ ካርዱ ግን «ዋይፋይ ያለው» ከሚል በቀር እንደማይገኝ ልብ በሉ። ያችን ባዶ ቦታ መሙላት ተጨማሪ ወጪ የለውም ለማለት ይቻላል፤ አቅራቢው በመጋዘኑ ካሉት ሁለት ካርዶች አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ቢጠይቅ ሰሚ የለውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ሠላሳ ማኅበራትና ጥቂት የጨረታ ሰነዶች ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲደጋግሙ ግን ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የገበያ ፍላጎት ይሆናል። አምራቾች ደግሞ የሚሰሙት ይህን ቋንቋ ነው።