በፈረሶች ከተማ አንድ ሳምንት

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አባቶቻችን። ፈረሱን ራሱንስ ከሜዳው የሚያደርሰው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ነበር፣ በነሐሴ ወር፣ ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ኒውማርኬት የሄድሁት።

አንባቢ ሆይ፤ ይህችን ከተማ ከሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች የሚለያት ፋብሪካ ወይም ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ፈረስ ነው። በትንሿ ከተማ 3,000 ያህል የእሽቅድምድም ፈረሶች ይሠለጥናሉ። ለልምምዳቸው የተከለለው ሜዳ 1,000 ሄክታር፣ በአገራችን በቀድሞው ልክ 25 ጋሻ ያህል ይሆናል። በ17ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ራሳቸው እዚህ ይጋልቡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1809 ጀምሮም «ሁለት ሺህ ጊኒ» የተባለው ታላቅ ውድድር ይደረግበታል። ጧት ጧት ፈረሶች በሰልፍ መንገድ ሲያቋርጡ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሹፌሩም ጡሩምባ አይነፋም።

እኔን የተቀበለኝ 40 ፈረሶች ያሉበት መካከለኛ ጋጣ ነው።

ሰኞ። ሥራ የሚጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ሠራተኛው በር ከፍቶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ግርግሙን ነው። ፈረሱ የማታ አጃውን ጨርሶ ከሆነ ደኅና አድሯል ማለት ነው። ቀጥሎ አጎንብሶ አራቱንም እግሮች በእጁ ይዳስሳል። 500 ኪሎ የሚመዝነው እንስሳ ከጉልበቱ በታች ጡንቻ የለውም፤ የሚቆመው በአጥንትና በጅማት ላይ ብቻ ነው። ጅማቱ ከተጎዳ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያስተኛዋል። ከዚያ ፋንድያ ይጠረጋል፤ ፈረሱ ይቦረሻል፤ ይጫናል። አንድ ሠራተኛ ሦስት ወይም አራት ፈረሶች ይይዛል፤ በየተራም እየጋለበ ያለማምዳቸዋል።

በዚሁ ቀን አሠልጣኙ ለቅዳሜው ውድድር የሚያስባቸውን ፈረሶች አስመዘገቡ። ከነዚህም አንዷ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት የሦስት ዓመት ዳማ ባዝራ ነበረች። ጠባቂዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ሰው ናቸው፤ በጋጣው ውስጥ «የዳማዋ» ይሏቸዋል። ባዝራዋ አምስት ጊዜ ሮጣ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጥታለች፤ አሸንፋ ግን አታውቅም። ባለቤቷም ወጪው ሰልችቶት እስከ መስከረም ካላሸነፈች በጥቅምት በከተማው በሚደረገው የፈረስ ጨረታ እንደምትሸጥ አስታውቋል።

ማክሰኞ ቀላል ልምምድ ነበር። ፈረሶቹ በሶምሶማ ወጥተው ዋረን ሂል የተባለውን ዳገት በደንገላሳ ወጡት። ዳገቱ 40 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ እግር ብዙ ሳይፈጥን ልብና ሳንባ ይጠነክራሉ። ከሰዓት በኋላ ጫማ መቺው መጣ። ለልምምድ የሚመታው ጫማ ብረት ነው፤ ለውድድር ግን በቀላል አሉሚኒየም ይለወጣል።

ረቡዕ የሽምጥ ቀን ነው። በኒውማርኬት ከጥንት ጀምሮ ረቡዕና ቅዳሜ ለፈጣን ግልቢያ የተለዩ ናቸው። ዳማዋ ከአንድ ጠና ካለ ፈረስ ጎን ተለቀቀች። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 የሚመታው የፈረስ ልብ በሽምጥ ከ200 በላይ ይመታል። አሠልጣኙ በሩቅ ማያ መነጽር እየተከተሉ ሳለ ባዝራዋ ባልንጀራዋን ትታው አለፈች። በዚያ ቀን በጋጣው ያልሣቀ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ጧት ግን ግርግሙ ውስጥ ግማሽ አጃ ተገኘ። እኒያ ሽማግሌ አጎንብሰው የፊት ግራ እግሯን ያዙ፤ ለቀቁ፤ እንደገና ያዙ። እኔም በእጄ ሞከርሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። ሙቀቷ ሲለካ 38፣ ደንበኛው ልክ ነው። ስትራመድም አታነክስም። የቅዳሜ ሯጮች የመጨረሻ ማረጋገጫ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይዘጋል። እኒህ ሰው ዝም ቢሉ ኖሮ የሚያውቅባቸው አልነበረም። ፈረስ ሲያሸንፍ ደግሞ ከሽልማቱ ገንዘብ ድርሻ ለጋጣው ሠራተኞች ይደርሳል።

«አለቃ፣ እግሯ ይሞቃል» አሉ።

«ብዙ ነው?»

«ትንሽ ነው። ግን ትናንት አልነበረም።»

የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ እግሯን በአልትራሳውንድ መረመረ፤ በጅማቱ ላይ ጥቂት እብጠት አገኘ። 4 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አሠልጣኙ ስሟን ከዝርዝሩ አወጡ። ከዚያም ለባለቤቷ ስልክ ደወሉ። የባለቤቱ ድምፅ እኔ ከቆምሁበት ከበሩ ውጭ ይሰማ ነበር።

ዓርብ በዝግጅት አለፈ።

ቅዳሜ በኒውማርኬት የሐምሌ ሜዳ በተባለው መሮጫ ከዚሁ ጋጣ የወጣ ግራጫ ፈረስ 1,200 ሜትሩን ከ1 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ሮጦ አሸነፈ። ፎቶግራፍ አንሺዎች ከበቡት። በማግሥቱ ጋዜጣ የፈረሱ፣ የጋላቢው፣ የአሠልጣኙና የባለቤቱ ስም ወጣ። በሌሊት ተነሥቶ ግርግሙን ያየው ሰው ስም ግን አልነበረም። በዚያች ሰዓት «የዳማዋ» በጋጣው ግቢ ቆመው የባዝራዋን እግር በቀዝቃዛ ውሃ ያርሱ ነበር።

እሑድ የዕረፍት ቀን ነው፤ መመገብና ማጽዳት ብቻ ነው ያለው። አጠገባቸው ተቀምጬ «አይቆጭዎትም?» ስል ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አይቆጨኝም! ትሸጥ ይሆናል» አሉና ጥቂት ዝም አሉ። «ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ የጠረጠርሁትን ሳልናገር ቀርቼ ከሜዳ ባዶ ልጓም ይዤ ተመልሻለሁ። ሁለተኛ አልመለስም።»

በአገራችን በቀድሞ ዘመን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። ለእኒህ ሽማግሌ «የዳማዋ» መባል ከዚህ ያነሰ ማዕረግ አልመሰለኝም። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ማንም የማያየው ትንሽ ሙቀት በእጃችን የሚሰማን ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ተናግሮ ጥቅምን ማጣት ወይም ዝም ብሎ ማለፍ የየራሳችን ምርጫ ነው።

ሰኞ ጧት ልሰናበት ስሄድ በሩን ከፍተው ግርግሙን አሳዩኝ። አንዲት ፍሬ አጃ አልቀረም ነበር።