የእቁቡ ፖርሽ

ቤታችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ኩሽኔታ ተቀምጣለች። ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳ ሁሉ አንስቶ ያገላብጣትና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ይለናል። እኛም እንተያያለን። ዛሬ ለእናንተ እንንገራችሁና ይውጣልን።

ይኸውላችሁ፣ እኛ ሦስት ነን። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ አፓርታማ ተካፍለን እንኖራለን። አንዳችን ታክሲ እንነዳለን፣ አንዳችን ነርስነት እንማራለን፣ አንዳችን ደግሞ ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ እንሠራለን። የታሪኩ ባለቤት ይሄ የፓርኪንጉ ነው። ስሙን አንነግራችሁም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

ይሄ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ፖርሽ፣ የሰው ኮርቬት ሲነዳ ኖሯል። ሠላሳ ሜትር፣ ሠላሳ ሜትር። ከመግቢያው እስከ ማቆሚያው። ማኑዋል መኪና ሲመጣ ተፈልጎ የሚጠራው እሱ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ማርሽ መቀየር የሚችል ሰው እየጠፋ ነዋ! እሱ ግን መንጃ ፈቃዱን ያወጣው አዲስ አበባ፣ ፍሪሲዮኑ እግር በሚሰብር አሮጌ ቶዮታ ነው። አንድ ቀን ማታ ጫማውን እያወለቀ እንዲህ አለን፦ «እነዚህን መኪኖች እስከ ሁለተኛ ማርሽ ድረስ ብቻ ነው የማውቃቸው። ሦስተኛቸው ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ላይ እቁብ ደረሰው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምንጽፋቸው)። አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር፣ ጠቅላላ 12,000። ገንዘቡ ቀድሞ ሥራ ተመድቦለት ነበር፦ ደሴ ያለው የእናቱ ቤት ጣሪያ ሊቀየርበት። እና ይሄ ሰው ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? ጣሪያ ሊገዛ የነበረው ልጅ ጣሪያው የሚነሳ መኪና ስልኩ ላይ አሳየን። አንዳችን «አብደሃል?» አልነው። አንዳችን «እስኪ ሄደን እንየው» አልነው። «እስኪ ሄደን እንየው» ማለት ግማሽ መግዛት መሆኑ ያኔ አልገባንም።

ግቢው ትንሽ ነው። የሽቦ አጥር፣ ሃያ የማይሞሉ መኪኖች፣ ቢሮ የሆነች ተጎታች ቤት፣ ቢሮዋ ውስጥ ጀበና። አዎ፣ ጀበና! ባለቤቱ ያገራችን ሰው ናቸው፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ። መኪናው የ2003 ፖርሽ ቦክስተር፣ ብርማ፣ 87,000 ማይል የሄደ። ሞተሩ ከመቀመጫው ጀርባ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም ፖርታባጋሊዮ አለው። ጓደኛችን ሁለቱንም ከፍቶ ሁለቱም ውስጥ አንገቱን አስገባ። ዋጋው 10,900።

«ልጆቼ፣ እኔ ያገሬን ልጅ አልዋሽም» አሉን ጋሼ ቡናውን እያቀረቡ። «ፍሪሲዮኑ አዲስ ነው። ያቺ ሰው ሁሉ የሚፈራት ኩሽኔታም ተቀይራለች።»

ስለ ኩሽኔታዋ ትንሽ እናውራ፣ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነውና። በእነዚያ ዓመታት የፖርሽ ሞተር ውስጥ የቫልቮቹን ሰንሰለቶች የሚያዞር አንድ ዘንግ አለ። ዘንጉን በአንድ ጫፉ የያዘችው መዳፍ የማትሞላ ኩሽኔታ ናት። በተለይ ከ2001 እስከ 2004 በተሠሩት ላይ ደከም ያለች ናት። አብዛኞቹ መኪኖች ምንም ሳይሆኑ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ እሷ የፈረሰችበት መኪና ግን ሞተሩ ብዙ ጊዜ አለቀለት ማለት ነው፣ ለዚህ ዋጋ መኪና ደግሞ ሞተር ማለት መኪናው ራሱ ነው። በዚሁ ጉዳይ የመኪና ባለቤቶች አሜሪካ ውስጥ ኩባንያውን በጋራ ከሰውት በ2013 በስምምነት አልቋል። ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ ስላለበት ብልህ ሰው ፍሪሲዮኑን ሲያስቀይር አብሮ ያስቀይራታል። ስለዚህ የጋሼ ወሬ ስሜት ይሰጣል። ስሜት መስጠቱ ነው ያሳመነን።

የመኪናው መስኮት ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፏል። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ይህን ወረቀት መለጠፍ አለበት፤ ከ1985 ጀምሮ የነበረ ሕግ ነው። የኛው ላይ ምልክት የተደረገበት ሣጥን «እንዳለ» የሚለው ነበር። እንዳለ ማለት፣ ከግቢው ከወጣህ በኋላ ሞተሩ ቢወድቅ የራስህ ጉዳይ ነው ማለት ነው። እዚያው ወረቀት ላይ፣ በቃል የተገባ ተስፋን ማስፈጸም ከባድ ስለሆነ ሻጩ የሚለውን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ ይላል። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱም በስፓኒሽ መሆን አለበት። የኛ ሽያጭ በአማርኛ፣ በቡና፣ «ልጆቼ» እየተባለ ነው የተካሄደው። ለእሱ የወጣ ወረቀት የለም።

አንዳችን (ታክሲ ነጂው) «ምን ችግር አለው፣ ካልሆነ በሦስት ቀን ውስጥ እንመልሳለን» አልን። ውሸት ነው! ያ የሦስት ቀን ሕግ ቤት ድረስ መጥቶ ለሚሸጥ ነጋዴና ለመሳሰለው ነው፤ ከነጋዴ ግቢ የተገዛ መኪና አይመለከተውም። መስተዋቱ ላይ ያለው የቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን ስቲከርም ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ መብራት ነው የሚመሰክረው። ሞተር ከፍቶ ያየ የለም።

ታዲያ ቀላል አይደለም እንዴ፣ ለምን መካኒክ አያየውም? ወገኖች፣ እስኪ እናንተ ሞክሩት። ቡናቸውን ሁለተኛ እየጠጣችሁ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና መኪናውን ሌላ ሰው ጋ ወስደን እናስመርምረው» በሉ። አሥር ደቂቃ እየተጎሻሸምን ቆየን። በመጨረሻ ነርስ ተማሪዋ ናት ያወጣችው፤ በሽተኛን «ልብስዎን ያውልቁ» ማለት የለመደች ስለሆነች ይሆናል። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ሰው አታምኑም ማለት ነው?»

ያ ጥያቄ እስካሁን ሆዳችን ውስጥ አለ። ፈረንጅ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ከመኪናው በፊት መካኒኩን ነበር የምንጠይቀው። ያገራችን ሰው ስለሆኑ ግን መጠየቁ ስድብ መሰለን። ይሄ እንግዲህ ወይ ጨዋነት ነው፣ ወይ ሞኝነት ነው፣ ወይ ሁለቱም።

ፈቀዱልን፤ ቅር እያላቸው። ፖርሽ ብቻ የሚሠራ ጋራዥ ወስደን 250 ዶላር ከፈልን። መካኒኩ መኪናውን ሰቅሎ፣ የዘይት ማጣሪያውን አውጥቶ ቆርጦ፣ እጥፋቶቹን እየዘረጋ በመብራት አየ፤ ኩሽኔታዋ መፍረስ ከጀመረች ብረት እንደ ብልጭልጭ ዱቄት እዚያ ይታያል። ንጹህ ነው። ካምቢዮውና ሞተሩ የሚገናኙበት ላይ ግን ትንሽ የዘይት ላብ አለ። «ኩሽኔታዋ ተቀይራለች?» አልነው። «ደረሰኝ አላችሁ?» አለን። የለንም። «እንግዲያው አልተቀየረችም ብላችሁ ግዙ» አለን።

ተመለስን። አሁን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያሉንን እዚያ ወረቀት ላይ በእጅዎ ይጻፉልን። ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ተቀይሯል፤ አንድ መስመር። ጋሼ እስክሪብቶውን አነሱ። ያዙት። መልሰው አስቀመጡት።

«ልጆቼ፣ እኔ የነገሩኝን ነው የነገርኳችሁ።»

ከዚያ ሁሉንም አወሩን። ትልልቆቹ ዲለሮች አርጅቷል ብለው ያልፈለጉትን መኪና ጨረታ ይልኩታል። ጨረታው ላይ መኪናው እፊትህ የሚቆመው ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ ጆሮህን ሰጥተህ ትሰማለህ፣ እጅህን ታነሳለህ፣ በቃ። የገዙበትም የብድር ገንዘብ ስለሆነ መኪናው ግቢ ውስጥ በቆመ ቁጥር ወለዱ ይቆጥራል። ቦክስተሩ አራተኛ ወሩን ይዟል። «ጨረታው ላይ አንዱ ተቀይሯል አለኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ያዝኩት» አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው 1,700 ዶላር ቀነሱልን።

በ9,200 ገዛነው። የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ፣ የሰነድ ማስፈጸሚያ፣ ታርጋ… ከዚያም ቀጥታ ወደ ጋራዡ። ለፍሪሲዮኑ፣ ለኩሽኔታዋና ለምታልበው ማኅተም 2,900። ሂሳቡ አሥራ ሦስት ሺህን አለፈ፤ የጎደለውን ሁለታችን ሞላን፣ ስለዚህ ፖርሹ የእኛም ነው፤ ምናልባት የኋላው ፖርታባጋሊዮ ይደርሰን ይሆናል። ካምቢዮው ሲወርድ መካኒኩ ደወለ። ፍሪሲዮኑ እውነትም አዲስ ነበር። ኩሽኔታዋ ግን ከፋብሪካ የወጣችው ራሷ ናት፣ ሃያ ዓመት የሠራች። በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠን። በጣት ስታዞሯት ትንሽ ትንገጫገጫለች። ወይም ለኛ እንደዚያ ይመስለናል።

ግማሽ እውነት ነበር ማለት ነው። ፍሪሲዮኑን የቀየረ ሰው ኩሽኔታዋን እያየ አለፋት፤ ጨረታ ላይ ያለው ሰው ሁለቱንም አንድ አደረጋቸው፤ ጋሼ ማመን ፈለጉ፤ እኛም ማመን ፈለግን። ባለፈው አንድ ልቅሶ ቤት አገኘናቸውና «መኪናዋ እንዴት ናት?» አሉን። «ደህና ናት፣ ጋሼ» አልን። ስለ ኩሽኔታዋ አላነሳንም። እሳቸውም አልጠየቁም።

የሚቆረቁረን ሌላው ነው። በዚያ ክረምት ደሴ ዘነበ። እናትየው ሳሎን ውስጥ ባልዲ አስቀመጡ። ጣሪያው የተቀየረው በዓመቱ ነው፣ በሌላ እቁብ፣ በብዙ ትርፍ ሰዓት። ልጃቸው «እቁቡ ዘገየ» ነበር ያላቸው።

እሱ ግን እሑድ እሑድ ሌሊቱን ሠርቶ ሲወጣ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በፖቶማክ ዳር ያለውን የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ይዞ ይመጣል። ጣሪያውን አንስቶ። እዚያ መንገድ ላይ የፍጥነት ገደቡ ብዙ ቦታ 45 ማይል ነው፤ ሦስተኛ ማርሽ ይበቃዋል። ባለፈው አንዳችን አብረን ነበርን። ደሴ ረፋድ ነበርና እናቱ ደወሉ።

«ምንድን ነው የሚነፍሰው? የት ነህ ልጄ?»

«መስኮት ከፍቼ ነው፣ እማዬ» አለ።