ወረቀቱ ከመስታወቱ በፊት

ስለ መውጫ ፈተና ውጤቴ አባቴን የዋሸሁት መቱ በገባሁበት ማታ ነው። «አለፍክ?» ሲለኝ «አልሐምዱሊላህ» አልኩት። ያመጣሁት 43 ነበር፤ ማለፊያው 50።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከሶር ወንዝ ማዶ ባለችው ማሳችን ጀንፈል ሳገላብጥ ከረምኩ። ሰው «ሥራስ?» ሲለኝ ሰበብ አላጣም፦ ኔትወርክ የለም፣ ማስታወቂያ አልወጣም፣ የቡና ለቀማው ይለቅ።

በዚያ መሀል ስልኬ ላይ የፈሪዱዲን ዐጣርን የወፎች ትረካ በእንግሊዝኛ ትርጉም አገኘሁት። ዐጣር በ12ኛው ክፍለ ዘመን በኒሻፑር፣ በዛሬዋ ኢራን፣ የኖረ የሱፊ ባለቅኔ ነው። ስሙ ሽቶና መድኃኒት ሻጭ ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ወፎች ንጉሥ ያምራቸዋል። በቁርኣን የነቢዩ ሱለይማን መልእክተኛ የሆነው ሁድሁድ ንጉሣቸው ሲሙርግ እንደሆነ፣ ወደሱ ለመድረስ ግን ሰባት ሸለቆ መሻገር እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ያኔ ሰበቡ ይጀምራል። ቡልቡል ጽጌረዳውን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ዳክዬ ከውኃ መራቅ አይሆንለትም፤ ጉጉት ፍርስራሽ ውስጥ የተቀበረ ሀብት እየጠበቀ ነው። እያነበብኩ ሳቅኩ። የራሴ ሰበብ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቁ ቆመ።

መጨረሻውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚደርሱት ሠላሳ ወፎች ብቻ ናቸው፤ ሲሙርግን ሲያዩ ራሳቸውን ያያሉ። በፋርስኛ «ሲ» ሠላሳ፣ «ሙርግ» ወፍ ነው። ኢንተርኔት ላይ ይሄ «ራስህን ፈልግ» ከሚል ምክር ጋር ይዞራል። የሚዘለው ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ደጁ ላይ ለወፎቹ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ የሠሩት ሁሉ አንድ ሳይቀር ተጽፎበታል። ዐጣር እዚህ ጋ የዩሱፍን ወንድሞች ያነሳል፤ ወንድማቸውን የሸጡበትን ጽሑፍ እሱ ራሱ ያስነብባቸዋል። ወፎቹም በእፍረት ካለቁ በኋላ ነው መስታወቱ የሚመጣው።

አባቴ በወጣትነቱ ከሰዎች ጋር በእግሩ ያኣ ሄዷል። ያኣ በምዕራቡ ጠረፍ በኩል ያለች፣ የቲጃኒያው ሼህ አል-ፈቂ አሕመድ ዑመር የተቀበሩባት ቦታ ናት፤ ከኢሉባቦርም ከጅማም ሰው ለዝያራ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ «እዚያ ምን አገኛችሁ?» ብዬው ነበር።

«መንገድ ላይ ስንቅ ደብቄ ብቻዬን እበላ ነበር» አለኝ። «እሱን ነው ያገኘሁት።»

ያኔ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ ግን ቀልድ እንዳልነበረ ገባኝ።

በማግስቱ የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆመን ነገርኩት። አውቆ ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር። አላወቀም። እጁን ከጀንፈሉ ላይ አነሳ።

«ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ማታ ራት ላይም ዝም እንዳለ ነው።

ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ አንድ ጎረቤታችን እንደልማዱ ስለ ሥራዬ ጠየቀ። አባቴ ሌላ ጊዜ ቀድሞኝ ይመልስ ነበር። ያን ቀን ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ጠበቀኝ።

«ወድቄያለሁ» አልኩ። «እንደገና እፈተናለሁ።»

ጎረቤታችን ምን እንዳለ አላስታውስም። አባቴ ግን ወደ ቤት ስንሄድ «ፈተናው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።