ቃሊቲ ላይ የተገኘችው ቮልስ

የወንጀል ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ደም ቢፈስስ፣ ማስረጃ ቢጠፋ፣ ሹም ከወንበዴ ጋር ቢሻረክ አይደነቅም። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ይጠብቃል፤ የማይሸጥ መርማሪ። ጣልያናዊው ሊዮናርዶ ሻሻ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው የሲሲሊ ማፊያ ልብ ወለድ ውስጥ መርማሪው ሻምበል እውነቱን ይደርስበታል፤ ከበላይ ያሉት ፖለቲከኞች ግን የደከመበትን ሁሉ ያፈርሱበታል። ቢሸነፍም ቅሉ፣ የጠየቀ ሰው ነበረ።

በእኛ ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ የሚቀርበው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አስመራ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ስለላ፣ ሤራ፣ ፍቅርና ጦርነት ይፈራረቃሉ። የዘመኑ ባለሥልጣናት በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ የገዛ መልካቸውን አዩ። መጽሐፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ ተነሣ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማምሻውን ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ፣ ቃሊቲ ላይ፣ ያለ ባለቤቷ ተገኘች።

እኔ የአቃቂ ነዋሪ ነኝ። በዚያ መንገድ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ከባድ መኪኖቹ ይተራመሳሉ፤ የታክሲው ረዳት ይጣራል፤ ያችን ቮልስ የሚያስታውስ አንድ ምልክት እንኳ አላየሁም። እናም ሁልጊዜ የልብ ወለድ መርማሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች በልቤ እደረድራለሁ፤ ያን ምሽት ከማን ጋር ተገናኘ? መኪናዋን እስከዚህ የነዳት ማን ነው? ከከተማ መውጫው ላይ መተዋ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ችግሩ የጠያቂው ነበር። ፖሊሱም ደኅንነቱም መጽሐፉን ላሳደደው መንግሥት የሚታዘዙ ነበሩ። ተጠርጣሪው ራሱ መዝገብ ከፋች በሆነበት አገር የወንጀል ታሪክ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አያልፍም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ በ1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። የበዓሉ መቃብር ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። የባዕድ አገር አንባቢ የስለላ ልብ ወለድ አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል። እኛ ግን ዘግተነውም የደራሲውን ፍጻሜ እንጠይቃለን። ውድ አንባብያን፣ በቃሊቲ በኩል ስታልፉ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ አንሡልኝ። መርማሪ ላልቆመለት ሰው አንባቢ ይቁምለት።